ክራር ይዤ መድረክ ስወጣ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ የለመዳችሁ እስኪ ምከሩኝ

የባቲ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁም። ክራር እየተጫወትኩ እዘፍናለሁ። ቤት ውስጥ፣ ጓደኞቼ ፊት፣ ቡና ላይ ምንም አልሆንም። መድረክ ላይ ግን ሌላ ሰው ነኝ። ስሜ ሲጠራ ልቤ ድው ድው ይላል፣ ጣቶቼ ይቀዘቅዛሉ፣ አፌ ይደርቃል። ከሁሉም የሚያናድደኝ ድምፄ ነው። የመጀመሪያው ስንኝ ላይ ይርገበገባል። ሰው ስሜት ገብቷት ነው ብሎ ያጨበጭባል። ስሜት አይደለም፣ ፍርሃት ነው።

በሚቀጥለው ወር አንድ የግጥምና የሙዚቃ ምሽት ላይ ሦስት ዘፈን እንድጫወት ተጠርቻለሁ። አንድ ትዝታ፣ አንድ ባቲ፣ አንድ አምባሰል። ባንድ የለኝም፤ እኔና ክራሬ ብቻ ነን። እናንተ እንዴት ነው የምታልፉት? "አትፍሪ" የሚለውን ምክር እባካችሁ ዝለሉት። እሱን እናቴም ነግራኛለች።

ቺክቺካ
አትፍሪ።

ሃሃሃ፣ ይቅርታ፣ ማለፍ አቃተኝ። የምሬን ግን፣ እኔ ሰርግ ላይ ኪቦርድ እመታለሁ። መጀመሪያ ላይ ማንንም ቀና ብዬ አላይም። ከዚያ የሙሽራው አጎት መጨፈር ሲጀምር እስቃለሁ፣ እዚያው ይለቀኛል። ችግሩ እኔ ከኪቦርድ ጀርባ ተደብቄ ነው። አንቺ ፊት ለፊት ነሽ፤ ክራር ደግሞ ምንም አይሸፍንም።

ጋሽ መጋረጃ
ልጄ፣ እኔ የቴአትር ሰው ነኝ። የጀመርኩት በደርግ ጊዜ ቀበሌ ኪነት ውስጥ ነው። ዛሬም መጋረጃ ሊከፈት ሲል ሽንት ቤት እመላለሳለሁ። የሥራ ባልደረቦቼም እንደዚያው ናቸው። አንዱ ያዛጋል፣ አንዱ ይነጫነጫል፣ አንዷ ማንም እንዳያናግራት ግድግዳ ታቅፋ ትቆማለች።

ሎረንስ ኦሊቪዬን ታውቂው ይሆናል። እንግሊዛዊው ተዋናይ። በ1964 እ.ኤ.አ. የለንደኑ ብሔራዊ ቴአትር ዳይሬክተር ነበር። ዝናው ጣራ በነካበት፣ ዕድሜው ከሃምሳ ባለፈበት ሰዓት ፍርሃቱ መጣበት። ቃለ ተውኔቱ የሚጠፋው፣ አዳራሹ የሚዞርበት ይመስለው ነበር። ወደ አምስት ዓመት ያህል አሰቃይቶታል። የሼክስፒርን ኦቴሎ ሲጫወት ብቻውን መድረክ ላይ የሚቀርበት ቦታ አለ። ኢያጎ ሆኖ የሚጫወተውን ፍራንክ ፊንሌይን "ጨርሰህ ስትወጣ አትሂድ፣ እኔ በማይህ ቦታ ከመጋረጃው ጎን ቁም" ብሎ ለመነው። ሥራውን ግን አላቋረጠም።

ይህን የምነግርሽ ለወሬ አይደለም። ዘዴው ይሠራል። የምታምኛትን ጓደኛሽን ከመድረኩ ጎን አቁሚያት። ተመልካች መሃል ሳይሆን ጎን። ተመልካች መሃል ካለች ፊቷን እያየሽ "ወደደችው? አልወደደችውም?" ስትይ ታመሻለሽ።

ሌላው፣ አዳራሹ ባዶ ሳለ ሂጂ። መድረኩ ላይ ተመላለሽ። መጨረሻው ረድፍ ሄደሽ ተቀመጪና መድረኩን ከዚያ እዪው። ከሩቅ ሲታይ የጣት መንቀጥቀጥ የሚባል ነገር የለም።

ደረቅ እውነት
ሁሉም ወሬ ነው። መድረክ ላይ የሚፈራ ሰው በደንብ ያልተለማመደ ሰው ነው። ዘፈኑን በእንቅልፍሽ እስክትጫወቺው ልመጂው፣ አለቀ።

የሴሎ ወዳጅ
@ደረቅ እውነት ወንድሜ፣ ያ ታላቁ ስፔናዊ ፓብሎ ካሳልስ ሴሎ (ቁጭ ብለው የሚጫወቱት ትልቅ ቫዮሊን መሰል መሣሪያ) አልተለማመደም ልትል ነው? በ1901 እ.ኤ.አ. ለኮንሰርት አሜሪካ ሄዶ ሳለ ሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ ተራራ ሲወጣ ድንጋይ ተንከባሎ ግራ እጁን መታው። መጀመሪያ ወደ አእምሮው የመጣው ሐሳብ "ተመስገን፣ ከእንግዲህ ሴሎ መጫወት የለብኝም" የሚል እንደነበር ራሱ ተናግሯል። እንደዚያ ነበር የሚፈራው። እጁ ዳነና ዕድሜ ልኩን ተጫወተ። በ1971 የተባበሩት መንግሥታት አዳራሽ ውስጥ ሲቀርብ 94 ዓመቱ ነበር።

ፒያኒስቱ ሆሮዊትዝም ከ1953 እስከ 1965 ኮንሰርት ትቶ ቤቱ ተቀምጧል። እነዚህ ልምምድ ያነሳቸው ሰዎች አይደሉም። ልምምድ አያስፈልግም አላልኩም። ግን የሚፈራን ሰው "ሰነፍ ነህ" ማለት ይቅር።

ደረቅ እውነት
እሺ፣ ለካሳልስ ይቅርታ። ግን ሀገራችን ውስጥ የማያቸው አብዛኞቹ ሳይለማመዱ ነው የሚወጡት። እሱ ላይ አልከራከርም።

የባቲ ልጅ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የጓደኛዬን ነገር ዛሬውኑ እነግራታለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ጥያቄ። አንድ ልጅ ፕሮፕራኖሎል የሚባል ክኒን አለ፣ ከመድረክ በፊት አንድ ብትውጪ እጅሽ አይንቀጠቀጥም አለችኝ። ሞክራችሁት የምታውቁ አላችሁ? ልጅ ሆኜ አስም ነበረብኝ፣ አሁን አልፎ አልፎ ካልሆነ አይነሳብኝም።

መድኃኒት ቤት
እህቴ፣ እንዳትወስጂው! ፋርማሲስት ነኝ። አስም ያለበት ወይም የነበረበት ሰው ፕሮፕራኖሎል መውሰድ የለበትም። የአየር ቧንቧን ያጠባል፣ ከባድ የአስም ጥቃት ሊያስነሳ ይችላል። ይህን በመጀመሪያ ልበልና ወደ ሌላው ልሂድ።

ክኒኑ የልብና የደም ግፊት መድኃኒት ነው። ጀምስ ብላክ የተባለ ስኮትላንዳዊ ሳይንቲስት በ1960ዎቹ የሠራው ነው፤ በ1988 ኖቤል የተሸለመበት አንዱ ሥራው ይኸው ነው። የሚሠራው አድሬናሊን ልብ ላይና ጡንቻ ላይ የሚያመጣውን ነገር በመከልከል ነው። ስለዚህ የእጅ መንቀጥቀጥ ይቀንሳል። በ1987 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ትልልቅ ኦርኬስትራ ሙዚቀኞች ሲጠየቁ 27 በመቶዎቹ የዚህ ዓይነት መድኃኒት ወስደው እንደሚያውቁ ተናግረዋል። አብዛኞቹ የወሰዱት ያለ ሐኪም ማዘዣ ነው። እና ይሄ የአንቺ ጓደኛ ብቻ ያመጣችው ነገር አይደለም።

አስም ለሌላችሁም ልንገራችሁ። የልብ ምታችሁ ዝግ ያለ፣ ግፊታችሁ ዝቅተኛ የሆነ፣ ስኳር ያለባችሁ ሰዎችም ሐኪም ሳታዩ አትንኩት። ስኳር ላለበት ሰው ደሙ ውስጥ ስኳር ሲወርድ የሚሰማውን የልብ መምታት ይደብቅበታል። የተፈቀደለት ሰውም ቢሆን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክረው በመድረኩ ቀን መሆን የለበትም። ጭንቅላት ውስጥ ያለውን ሐሳብ ደግሞ አይነካም። "ስንኙን እረሳዋለሁ" ብሎ የሚፈራ ሰው ክኒን ውጦም ይፈራል፤ በረጋ እጅ ይፈራል።

ሙዴ ነው
ክኒን ምናምን ምን ያደርጋል? ሁለት መለኪያ አረቄ ጎንጨት ማድረግ ነው። ያኔ ሕዝቡ ነው አንቺን የሚፈራው።

ቺክቺካ
@ሙዴ ነው ስንቱን አየሁ እኮ። አብሮኝ የሚሠራ ሳክስፎኒስት አለ። ሁለት መለኪያ ይላል፣ አራት ይሆናል። ለእሱ ጥሩ የተጫወተ ይመስለዋል። በማግስቱ ቅጂውን ስንሰማ ከድራሙ ኋላ ኋላ እየተጎተተ ነው። መጠጥ ፍርሃቱን ብቻ መርጦ አያጠፋም፣ ጆሮሽንም አብሮ ይወስዳል። ቅኝቱ መውረዱን አትሰሚውም።

ሙዴ ነው
የአዝማሪ ቤት ሰዎች እስኪ ይናገሩ። እነሱ ሳይጠጡ ነው የሚሠሩት?

ባለመሰንቆ
ተጠራሁ መሰለኝ። አባቴ አዝማሪ ነው፤ እኔም ጎንደር ነው ያደግኩት። አዎ፣ ጠጅ አለ፣ አረቄ አለ። ግን የሚጠጣው እንግዳው ነው። አዝማሪው ከጠጣ ግጥሙ ይጠፋዋል፣ ግጥም ከጠፋው ደግሞ ሽልማት የለም። አባቴ ሥራ ላይ ሳለ ብርሌውን አንስቶ ከንፈሩን ያስነካና መልሶ ያስቀምጠዋል። እንግዳ እንዳይቀየም ነው።

ግን እህቴ፣ ስለ ፍርሃት ካነሳሽ የእኛ ቤት አንድ የሚያስተምረው ነገር አለ። እኛ ጋ መድረክ የሚባል ከፍታ የለም። ሰዎቹ ጉልበትሽ ሥር ነው የተቀመጡት። አንዱ "ተቀበል!" ይልና ስንኝ ይሰጥሻል። ያንን ሰምተሽ፣ በዜማው ላይ አስቀምጠሽ፣ መልሰሽ መዝፈን አለብሽ። አንድ ቃል ካመለጠሽ ሰውየው ይቆጣል። እንግዲህ በዚያ ሰዓት ስለ ራስሽ ለማሰብ ጊዜ የለሽም። ጆሮሽ እሱ አፍ ላይ ነው፣ ዓይንሽ ማን ገባ ማን ወጣ የሚለው ላይ ነው፤ ለሚወደሰው ሰው ስሙን፣ ሀገሩን፣ የለበሰውን ሁሉ ትፈልጊዋለሽ። ልጅ ሆኜ ስጀምር የፈራሁት እስከ መጀመሪያው "ተቀበል" ድረስ ነበር።

መድረክ ላይ የሚከብደው ሰውየው ዝም ማለቱ ነው። አዳራሽ ውስጥ ሰው ዝም ብሎ ያይሻል። እኔ ራሴ አንዴ ፑሽኪን አዳራሽ ስጫወት ዝምታው አስደነገጠኝ። ያደረግኩት ምን መሰለሽ፣ ከፊት ረድፍ የተቀመጡትን አንድ አዛውንት "አባባ፣ ከወዴት ነዎት?" አልኳቸው። "ከደብረ ታቦር" አሉኝ። ስለ ደብረ ታቦር ስንኝ ወረወርኩ። አዳራሹ ሳቀ። ከዚያ በኋላ እኛ ቤት ሆነ።

ምን ይሉኛል
የሳይኮሎጂ ተማሪ ነኝ፤ የምታወሩትን የሚደግፍ ነገር ስላለ ልጨምር። አሊሰን ዉድ ብሩክስ የተባለች የሃርቫርድ ተመራማሪ በ2014 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ሥራ አለ። ሰዎችን ሰው ፊት ካራኦኬ እንዲዘፍኑ አደረገች። ከመዝፈናቸው በፊት ገሚሱ "ጨንቆኛል" እንዲል፣ ገሚሱ "ጓጉቻለሁ" እንዲል፣ ገሚሱ ምንም እንዳይል። ትክክለኛነቱን ማሽኑ ነው የሚለካው። "ጓጉቻለሁ" ያሉት 80 በመቶ አካባቢ አመጡ። ምንም ያላሉት 69። "ጨንቆኛል" ያሉት 53። የሁሉም ልብ ይመታ ነበር። የሚገርመኝ እሱ ነው። ልብ እየመታ ራስን ማረጋጋት ከባድ ነው፤ የሚመታውን ልብ ጉጉት ነው ማለት ግን ይቀላል።

ሌላው ደግሞ ቲሸርቱ ነው። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተማሪዎችን የሚያሳፍር ቲሸርት አልብሰው ሰው የሞላበት ክፍል አስገቧቸው። ግማሽ ያህሉ ሰው ቲሸርቴን አይቶታል ብለው ገመቱ። በእርግጥ ያስተዋለው ሩብ ያህሉ ነው። ይህ በ2000 የታተመ ጥናት ነው። ጋሽ መጋረጃ መጨረሻው ረድፍ ሄደሽ ተቀመጪ ያሉሽ ከዚህ ጋር አንድ ነው።

እሙዬ
እኔ ዘፋኝ አይደለሁም፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምርት ነኝ። ግን ፍርሃቱ ያው ነው። መድረክ የለመድኩት ትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ላይ ነው። ጠዋት ሰልፍ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ዜና ማንበብ ነበር ሥራዬ። ማይኩ ይጮኻል፣ ልጆቹ ይስቃሉ፣ ዳይሬክተሩ "ቶሎ በይ" ይላሉ። ከዚያ ወዲህ ምንም አዳራሽ አያስፈራኝም። የማየው ልዩነት፣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚወጣው ትልቁ መድረክ ላይ መሆኑ ነው። ትንንሾቹን ዘሎ። አንቺም ከዚያ ቀን በፊት ትንንሽ ቦታዎች ፈልጊ። የጎረቤት ልደት፣ የቢሮ ሽኝት፣ ምንም ይሁን።

የአክስቴ ልጅ ጎጃም ቅኔ ቤት ነበር። ተማሪው የተቀኘውን ቅኔ መምህሩ ፊት፣ ጓደኞቹ እየሰሙ ይላል። መምህሩ እዚያው ያርሙታል፤ ነገም እንደገና። በሰው ፊት መታረም የዕለት ሥራው ስለሆነ ኋላ ላይ ንጉሥ ፊትም ቢቆም አይደነግጥም ይለኛል።

ሸገር በዲሲ
ከዋሽንግተን ዲሲ ነኝ። እዚህ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ምግብ ቤት ውስጥ እዘፍናለሁ። የእኔ ፍርሃት ስልክ ነው። ሰው ክትፎውን በአንድ እጁ፣ ስልኩን በሌላ እጁ። አንዲት ኖታ ብስት ማታውኑ ቲክቶክ ላይ ነኝ። ድሮ የሳትሽውን ነገር በማግስቱ ሰው ይረሳው ነበር፤ አሁን አይረሳም። ይሄን ነገር እንዴት ትሉታላችሁ? ጋሼ ጊዜ አልነበረም።

አንዳንዴ ስቱዲዮ ብቻ ብሠራስ እላለሁ። ያ የካናዳው ፒያኒስት ግሌን ጉልድ በ1964 በ31 ዓመቱ ኮንሰርት እርግፍ አድርጎ ትቶ እስኪሞት ድረስ ስቱዲዮ ነው የሠራው።

የሴሎ ወዳጅ
@ሸገር በዲሲ ጉልድ የተወው በፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ኮንሰርት የሚባለውን ነገር ራሱን ይጠላው ነበር። አንቺ ጠልተሽው ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ወደሽው የምትፈሪው ከሆነ ግን ስቱዲዮው ይናፍቅሻል እንጂ አያሳርፍሽም። ስለ ስልኩ፣ የሚቀርጸው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ነው የሚቀርጸው። እዩት እስኪ።

ክራር መምህር
ዘግይቼ ነው ያየሁት። የባቲ ልጅ፣ ስለ ፍርሃት ብዙ ተብሏል፤ እኔ ስለ ክራሩ ላውራ። ያንቺ ፍርሃት ግማሹ ትክክለኛ ፍርሃት ነው። ሦስት ዘፈን፣ ሦስት ቅኝት፣ አንድ ክራር! ከትዝታ ወደ ባቲ፣ ከባቲ ወደ አምባሰል ስትሄጂ እያንዳንዱ ጊዜ ክር ማጥበቅና ማላላት አለብሽ። ሰው ዝም ብሎ እያየሽ፣ እጅሽ እየተንቀጠቀጠ። ይህን ከቤትሽ ሆነሽ ስታስቢው ሆድሽ ቢገለበጥ አይገርምም። ሰውነትሽ ችግር እንዳለ ነው የነገረሽ።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። ሁለተኛ ክራር ተዋሺ። አንዱን በትዝታ፣ አንዱን በባቲ ቃኝተሽ ውጪ። ወይም ሦስቱንም ዘፈን በአንድ ቅኝት አድርጊው፤ ማንም ሰው ቅሬታ አያቀርብም። የግድ አንድ ክራር ከሆነ ቀንበሩ ላይ የሚቆነጠጥ መቃኛ መሣሪያ ግዢ። ድምፅ ሳታሰሚ በዓይንሽ እያየሽ ትቃኚያለሽ። የመድረክ መብራት ደግሞ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ቅኝቱ ይዛነፋል። ከመጋረጃ ጀርባ ያለው ቅዝቃዜ ውስጥ ቃኝተሽ አትውጪ። ሳውንድ ቼክ ላይ መብራቱ እንዲበራ ጠይቂና እዚያው ቃኚ።

አሁን ስለ መጀመሪያው ደቂቃ። ከሁሉም ከባዱ እሱ ነው፤ የቀረው ሸክሙ ካህያው ጀርባ ላይ ከተስተካከለ በኋላ እንደሚሄደው መንገድ ነው። ስለዚህ ያቺን ደቂቃ ለብቻዋ ተለማመጂያት። በድርድር አትጀምሪ፤ በግርፍ ጀምሪ። ድርድር እያንዳንዱ ጣት ለየብቻው እንዲታዘዝ ይፈልጋል፤ ግርፍ በክንድሽ ነው፣ ክንድ ብዙ አይንቀጠቀጥም። መግቢያውን አስረዝሚው። ድምፅሽ የሚገባው እጅሽ ከሞቀ በኋላ ይሁን። ከወትሮው ዝቅ አድርገሽ ቃኚ፤ ስትፈሪ ጉሮሮሽ ስለሚጠብ ከፍታው አይወጣልሽም። አዝግመሽ ጀምሪ። ልብሽ እየሮጠ የመረጥሽው ፍጥነት ሁልጊዜ ካሰብሽው ይፈጥናል።

ቤት ስትለማመጂ ደግሞ ደረጃ ሮጠሽ ወጥተሽ ወዲያው ተቀመጪና ጀምሪ። ልብሽ እየመታ፣ ትንፋሽ እያጠረሽ። መድረክ ላይ የሚሰማሽ ይኸው ነው፤ ከዚያ በፊት ልመጂው። (አስምሽን እያየሽ፣ አትጋፊው።) የምትለብሺውን ቀሚስ ለብሰሽ፣ ጫማውንም አድርገሽ ተለማመጂ። የሐበሻ ቀሚስ ለብሶ ክራር ጭን ላይ ማስቀመጥ ከጂንስ ጋር አንድ አይደለም። ጥልፉ ላይ ይንሸራተታል።

ለእጅሽ ሙቅ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ይዘሽ ጨብጪው። ስትፈሪ ደም ከቆዳ ይሸሻል፤ ጣትሽ የሚቀዘቅዘው ለዚያ ነው። ትንፋሽ ስታስገቢ አጭር፣ ስታስወጪ ረጅም አድርጊው። ልብ ዝግ የሚለው በማስወጣቱ ጊዜ ነው።

ጋሽ መጋረጃ
ክራር መምህር፣ አንጀቴን አራስከው። እኛ ቤት "ጫማህን ከገጸ ባሕሪው ቀድመህ ልበስ" ይሉን ነበር። ልጄ፣ ሸገርዬም፣ ስለ ስልክ የጠየቅሽው፦ እኛ ጊዜ ስልክ አልነበረም፣ ጋዜጣ ነበር። አንድ ሐያሲ ቁጭ ብሎ ይጽፍ ነበር። እሱን ከማሰብ የሚያወጣኝ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ለማን እንደምናገረው ማወቄ ነበር። አብሮኝ ለሚጫወተው ነው የምናገረው፣ ለሐያሲው አይደለም። አንቺም ስትዘፍኚ ለአንድ ሰው ዝፈኚ፤ የቀሩት እየሰሙ ነው።

የባቲ ልጅ
ክራር መምህር፣ እውነትዎን ነው። ስለ ቅኝቱ አስቤው አላውቅም ነበር፤ ፍርሃት ብቻ ነው የመሰለኝ። አሁን ሳስበው በጣም የሚያስጨንቀኝ በዘፈኖቹ መሃል ያለው ዝምታ ነው። ስዘፍን ደህና እሆናለሁ። ስቃኝ ግን ምን እንደማወራ አላውቅም። እንደ ባለመሰንቆ ስንኝ መወርወር አልችልም። ሁለተኛ ክራር ደግሞ የሚያውሰኝ አላገኘሁም።

ክራር መምህር
ታዲያ የግጥም ምሽት ነው አላልሽም? አዘጋጆቹን በየዘፈንሽ መሃል አንድ ገጣሚ እንዲያስገቡ ጠይቂያቸው። ድሮ ራስ ሆቴል ወር በወር ይካሄድ በነበረው ግጥም በጃዝ ግጥሙና ሙዚቃው እየተቀባበሉ ነበር የሚሄዱት፤ ለተመልካችም ደስ ይላል። ገጣሚው ሲያነብ አንቺ ጎን ሆነሽ ትቃኚያለሽ። ማንም አያይሽም፣ ማውራትም አይጠበቅብሽም። የምትናገሪው የዘፈኑን ስምና "አመሰግናለሁ" ብቻ ነው። እሱንም ወረቀት ላይ ጻፊው።

የባቲ ልጅ
ደውዬ ጠየቅኳቸው። እሺ ብለዋል! እንዲያውም ፕሮግራሙ እንዲህ ይሻላል አሉኝ። ሁለት ገጣሚ ይመድቡልኛል።

ሙዴ ነው
የገጣሚዎቹን ርዝመት ጠይቂ እንጂ። እኔ የማውቃቸው ገጣሚዎች ማይክ ከያዙ አይለቁም። ገጣሚው እስኪጨርስ ክራርሽ እንደገና ይወርዳል።

ክራር መምህር
@ሙዴ ነው ዛሬ ገና ቁም ነገር ተናገርክ። የባቲ ልጅ፣ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ግጥም ያለውን ምረጪ። የመጨረሻውን ስንኝ ቀድመሽ ተቀበይው፤ እሱ ሲጀምረው አንቺ ክሩን ለመጨረሻ ጊዜ ነካ ነካ አድርገሽ ተነሺ።